የሰው ጨርቅ፣ የእኔ ግብር

ስፌት ማንም አላስተማረኝም። አንገር ጉቲን ሳለሁ ያረጀ ሸሚዝ እየተረተርኩ፣ መልሼ እየገጣጠምኩ ነው የለመድኩት። ነቀምት ገብቼ ባኬ ጃማ ሰፈር ሱቅ ስከራይ ሁለት የስፌት መኪና ነበረኝ። የምሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም ነው፤ ወላጅ ጨርቁን ገዝቶ ያመጣል፣ እኔ የእጄን ብቻ እቀበላለሁ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ቀና ማለት የለም። ከዚያ በኋላ ያለው ዚፕ መቀየርና ሱሪ ማሳጠር ነው።

የግብር እርከኑ ተሻሻለ ሲባል በሬዲዮ ሰማሁ። ትንሽ የሚያገኝ አይከፍልም፣ ብዙ የሚያገኝ እንደ እርከኑ ይጨምራል። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ለጎረቤቶቼ እየዞርኩ ያስረዳሁትም እኔው ነኝ። ገቢያችንን ለሚገምተው ኮሚቴ ከነጋዴው አንድ ሰው ምረጡ ስንባል፣ እጄን አውጥቼ ጓደኛዬን ጠቆምኩ፤ እሷው ተመረጠች። ከጎኔ ጫማ ትሸጣለች። የልጆቿን ዩኒፎርም በየዓመቱ የምሰፋው እኔ ነኝ፤ ጨርቁን ራሷ ናት የምታመጣው። ከእሷ በላይ ሥራዬን ማን ያውቃል?

ኮሚቴው የመጣው ትምህርት ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ግድግዳዬ ከላይ እስከ ታች ተሰፍቶ ባለቀ ዩኒፎርም ተሞልቷል።

«አካም ቡልቴ፣ አዴ» ብላ ጓደኛዬ እንደ ወትሮዋ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ።

ከገቢዎች ቢሮ የመጣው ሰውዬ የተሰቀለውን በጣቱ ይቆጥራል። «ይሄ ሁሉ ዕቃ ያንቺ ነው?»

«ዕቃ አይደለም፣ የሰው ጨርቅ ነው። እኔ ሰፊ ነኝ።»

«ነገ ደግሞ ባለ ጫማዋ የሰው ጫማ ነው ትለናለች» ብሎ ሳቀ።

ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ። «ንገሪው እንጂ፤ የልጆችሽም እዚያ ጥግ ተሰቅሏል።»

የያዘችውን ወረቀት ገለጥ ገለጥ አደረገች። «እንግዲህ ያየነውን ነው የምንጽፈው» አለች።

ግምቱ ሲለጠፍ ስሜን ከጨርቅ ነጋዴዎቹ ጋር አገኘሁት። የዚያን ሳምንት ሥራ ዓመቱን ሙሉ እንደምሠራው አድርገው አስበውታል። ነፃ እሆናለሁ ስል ሁለት እርከን ወጣሁ። ቅሬታ ላቀርብ ብል የነጋዴ ተወካይዋ ፊርማ ያስፈልጋል አሉኝ። ወደ ጓደኛዬ ሄድኩ። በጫማዎቿ መሀል ተቀምጣለች።

«የኔ እህት፣ ላንቺ ከፈረምኩ የእኔንም ሱቅ ደግመው ያዩታል» አለችኝ። «እኔን ዝቅ አድርገው ነው የገመቱኝ።»

«ለምን ዝቅ አደረጉሽ?»

አንድ የጫማ ካርቶን አንስታ አቧራውን መጥረግ ያዘች።

አንዱን መኪና ሸጬ ከፈልኩ። በቀረው መኪና የሱቁ ኪራይ የማይቻል ሆነና የንግድ ፈቃዴን ልመልስ ንግድ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ፎርሙን እየሞላች፣ «የሚዘጉበት ምክንያት?» አለችኝ።

«በአንድ ሳምንት ሀብታም ሆነች ብለሽ ጻፊ።»

ቀና ብላ አየችኝ፤ አልሳቀችም። «የግል ጉዳይ» ብላ ጻፈች። እኔም ፈረምኩ።