አልዓይን ያሰርነው ተክል

ባለፈው ሳምንት አቡዳቢ፣ መዲናት ዛይድ ገበያ አንድ ሱቅ ስገባ፣ ደረቅ እንጨት ላይ የታሰሩ፣ አፈር የማይሹ ተክሎች ተንጠልጥለው አየሁ። የአገሬ ልጅ ናት ሻጯ፤ ልታሳየኝ አንዱን ስታወርድ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። "ምንም አያደርግሽም፣ ንኪው" አለችኝ እየሳቀች። እኔ ግን የሰማሁት የአጥንት ስብራት ድምፅ ነበር።

ያኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነው። ከደሴ መጥቼ ኸሊፋ ሲቲ አንድ ቪላ ውስጥ ልጆች እጠብቅ ነበር። ወጥ ቤቱ የትዕግሥት ነው፤ የጎንደር ልጅ ናት። በረመዳን ስጾም እንዳያምረኝ ብላ ምሳዋን ተደብቃ ትበላ ነበር፤ ለማፍጠሪያዬ ደግሞ የምስር ሾርባ በሎሚ ትሠራልኛለች። ኮሮና መጥቶ ሁሉ ነገር ሲዘጋ ማዳም ሁላችንንም ይዛ አልዓይን እናቷ ቤት ገባች። እናትየውን "ማማ ከቢራ" እንላቸዋለን፤ ትልቋ እናት እንደማለት ነው። ግቢያቸው ሙሉ የተምር ዛፍ ነው፤ ከበር ስትወጪ ግን ሙቀቱ ፊትሽን በጥፊ ይልሻል።

እዚያ ቤት የማዳም ወንድምም ነበረ። ንግዱ ቆሞበት ቀኑን ሲተኛ ይውላል፤ ሲነሳ የሚመታ ነገር ይፈልጋል። አንድ ማታ ስኳር በዛ ብሎ ትኩስ ሻይ እግሬ ላይ ደፋብኝ። ሌላ ቀን ድመቷን ግድግዳ ላይ ሲፈጠፍጣት የልጆቹን ዐይን ሸፍኜ አሳለፍኳቸው። ማዳም ታያለች። "ተጨንቆ ነው" ትላለች።

ማዳም ሁሉ ነገር ከመዘጋቱ በፊት እነዚህን አፈር የማይሹ ተክሎች ገዝታ ነበር፤ ማስቀመጫቸው ሳይመጣ ቀረ። "ለዒድ ከግቢው ካገኛችሁት ነገር አንድ ነገር ሥሩልኝ" አለችን። ደስ አለን። አሸዋው ላይ የወደቀ ቅርንጫፍ አገኘን፤ ጋፍ የሚሉት፣ ግራር የሚመስል የበረሃ ዛፍ ነው። ከተምሩ ግንድ ቃጫ ላጥን፣ ጠጠር ለቀምን። ተክሎቹን ውሃ ነክረን፣ ውሃ ከያዙ ስለሚበሰብሱ ገልብጠን አራግፈን፣ በስስ የዓሣ ማጥመጃ ክር ቅርንጫፉ ላይ አሰርናቸው። ትዕግሥት ታንጎራጉር ነበር። እዚያ ቤት ከገባን ስታንጎራጉር ሰምቻት አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሳሎን ልትሰቅለው መሰላል ላይ ወጣች። ሚስማሩን ስትመታ ወንድምየው ከእንቅልፉ ተነስቶ መጣ። መሰላሉን በእርግጫ አለው። ትዕግሥት ከነቅርንጫፉ ወደቀች፤ ክንዷ ከሥሯ ነበር፣ ሲሰበር ሰማሁት። ቅርንጫፉን አነሳና በዚያው ይቀጠቅጣት ጀመር፤ ጀርባዋን፣ ጭንቅላቷን። ደሟ ነጩ እብነ በረድ ላይ ተረጨ። ዘልዬ እጁን ነከስኩት። በክርኑ አፌን ሲለኝ የፊት ጥርሴ ረገፈ።

"ኸላስ!"

ማማ ከቢራ ናቸው፤ "በቃ!" ማለታቸው ነው። እየተንገዳገዱ መጥተው ትዕግሥት ላይ ተደፉባት። "እኔን ምታ!" አሉት። እንጨቱን አንስቶ ቆመ፣ ቆመ፤ ከዚያ ጣለው።

ወደ ሐኪም ቤት ስንሄድ ማዳም መኪናው ውስጥ "ከመሰላል ወደቀች ነው የምትሉት፣ ገባችሁ?" አለችን። ሐኪሙ ምን እንደደረሰ ሲጠይቅ ግን አብረውን የመጡት ማማ ከቢራ ማስካቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ ነው የመታት። ፖሊስ ጥራ።"

"እማዬ!" ብላ ጮኸች ማዳም።

"ሚስቱን ሲደበድብ ዝም አልኩ" አሉ። "አሁን አልልም።"

ወሰዱት፤ ኋላም ተፈርዶበት ታሰረ። ማዳም እናቷን ተቀይማ፣ እኛን እዚያው ትታ ልጆቿን ይዛ ኸሊፋ ሲቲ ተመለሰች። ዒዱን ማማ ከቢራ ከእኛ ጋር ከአንድ ትሪ በሉ፤ ትዕግሥትን በእጃቸው እያጎረሱ። ክንዷ ግን ተጣሞ ቀረ። በረራ ሲከፈት አገሯ ገባች።

ዛሬም እንደዋወላለን። መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ አሮጊቷ ነበር፤ ማረፋቸውን ስነግራት ብዙ አለቀሰች። ልጃቸው ቀብራቸው ላይ አልተገኘም።

አሁን እኔም ወንድ ልጅ አለኝ። ባለፈው እህቱን በጥፊ ሲመታት እጁን ቀጨም አድርጌ ያዝኩት። "ተይው፣ ልጅ አይደለም እንዴ" አለኝ ባለቤቴ። አልተውኩትም። "ልጄ ነው" ሲሉ የእኒያ ሴት ከንፈር እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር አይቻለሁ። እኔ ብሆን ያንን ቃል ከአፌ ማውጣት እችል እንደሆነ አላውቅም። እዚያ ሳይደርስ ነው ልይዘው የምፈልገው።