በአየር ወደ አንበሳሜ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ነበር። ንጉሡ ከዙፋን ከወረዱ ወዲህ ግን የሰማዩም ተራ የደረሰ መሰለን። እኔ በዚያን ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ ፋብሪካ ታይፒስት ነበርኩ። አንድ ቀን ጠዋት ሥራ ስንገባ ግቢው መሐል ታንኳ የሚያህል ረጅም የእንጨት ሳጥን ተጋድሞ አገኘን። ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ለሠራተኛው የተላከ ስጦታ ነው ተባለ። እኛ የልብስ ስፌት መኪና ነበር የጠበቅነው። ሲከፈት ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ሞተር የሌለው አውሮፕላን ወጣ።

ሞተሩ ተሰርቋል ብለን አንድ ሳምንት ሙሉ የመጋዘኑን ዘበኛ መከራውን አሳየነው። ከስርቆት ክስ ያዳኑት በጥገና ክፍል የሚሠሩ፣ ድሮ አየር ኃይል የነበሩ የጎጃም ሰው ናቸው። ሁላችንም «መምህር» እንላቸዋለን። «ይህ ግላይደር ይባላል፤ ሲፈጠርም ያለ ሞተር ነው። ገመድ ጎትቶ ያወጣዋል፣ ከዚያ ሙቅ አየር ይሸከመዋል። አሞራስ ሞተር አለው?» አሉን። ዘበኛውን ይቅርታ የጠየቀ ሰው ግን የለም።

ክበቡ የተቋቋመው እንዲህ ነው። አንድ አውሮፕላን፣ አንድ አስተማሪና ዘጠኝ ሥራ አስፈጻሚዎች ነበሩን። ሊቀ መንበሩ ከፍታ ስለሚፈራ አመራር የሚሰጠው ከመሬት ነበር። ሜዳው ከሐይቁ ዳር፣ ከደንገሉ ወዲህ ያለ የገበሬ ማኅበር ግጦሽ ነው። ከገበሬዎቹ ጋር ተፈራረምን፤ ከሐይቁ እየወጣ ሜዳውን ከሚረግጠው ጉማሬ ጋር ግን የሚፈራረም አልተገኘም። ስለዚህ የእሑድ የመጀመሪያ ሥራችን የጉማሬ ዱካ በአሸዋ መድፈን ነበር። ገመዱን የሚስበውን ዊንች መምህር ከአሮጌ የጭነት መኪና ሞተር ሠሩት። ክንፉ ሲሰነጠቅ የሚጠግኑልን ከሐይቁ ዳር ሰፈር የሚመጡ ጀልባ ሠሪ አዛውንት፣ ሐጂ ነበሩ። ጠግነው ሲጨርሱ ክንፉን መታ መታ አድርገው «አንድ ጠብታ ውኃ አያስገባም» ይሉናል።

ገመዱ ይሳባል፣ ግላይደሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ገመዱን ይለቃል፣ ጥቂት ደቂቃ ዞሮ እዚያው ይወርዳል። ሙቅ አየር ለማግኘት ከቄራው በላይ የሚዞሩትን ጥንብ አንሳዎች እንከተላለን። እኔ ከዚህ ሁሉ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መምህር ከኋላዬ ሳይቀመጡ ብቻዬን መብረር። እሳቸው «ደርሰሻል» ብለውኛል። ሥራ አስፈጻሚው ግን ጉዳዬን ሦስት ጊዜ ተመልክቶ ሦስት ጊዜም «የጓዲት ንቃት ገና ነው» ብሎ መለሰው። ከፍታ የሚፈራ ሰው የኔን ንቃት መለካቱ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በዚያ ዘመን ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ከመሬት የተነሣ ሁሉ ከከተማ እንደወጣ ይቆጠራል ስለተባለ ለእያንዳንዱ በረራ ይለፍ የምተይበው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ቀን «መነሻ፦ ባሕር ዳር፣ መድረሻ፦ ባሕር ዳር» ብዬ ብወስድ የይለፍ ቢሮው ጸሐፊ ወረቀቱን መለሰልኝ።

«ላለሽበት ከተማ ይለፍ የሚሰጥ የት አገር ነው?» አለኝ።

ብለምነው፣ ባስረዳው አልሰማ አለኝ። እዚያው ቆሜ መድረሻውን ሰርዤ መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣውን ጻፍኩ፤ አንበሳሜ። ከዐባይ ማዶ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ቅቤ የምትሸጥልኝ ሴትዮ የዚያ አገር ሰው ነበረች። ማኅተሙ ወዲያው ተመታ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ የተነሣ ሰው ሁሉ በወረቀት ወደ አንበሳሜ፣ በሥጋ ወደ ጉማሬው ሜዳ ሲመላለስ ኖረ።

በኋላ ለይለፍ ቢሮው አዲስ ሹም መጣ። መዝገብ ማመሳከር የሚወድ ሰው ነው። መምህርን ሲያስጠራቸው ወረቀቶቹን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ አብሬ ሄድኩ።

«ይህ ሁሉ ሰው በአየር ወደ አንበሳሜ ሄዷል። አንበሳሜን ጠየቅን፤ አንድም የደረሰ የለም። ሰዎቹን ወዴት ነው ያሻገርሃቸው?» አላቸው። አባቱ የሚሆኑትን ሰው አንተ ይላቸዋል።

«ሁሉም እዚሁ ከተማ አሉ ጌታዬ» አሉ መምህር።

«የመመለሻ ይለፍ ሳይኖራቸው እንዴት እዚህ ይኖራሉ?»

ይህስ ቀላል ነው ብዬ ጣልቃ ገባሁ። «ይኸው እኔ! ስሜ ከላይ አንደኛ ተራ ላይ አለ» አልኩት። መዝገቡን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና መዝገቡን አየ።

«አንቺ ያለሽው አንበሳሜ ነው» አለኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። ዘወር ብል ግን መምህር ዝም በይ ብለው በዓይናቸው ይጠቅሱኛል። እኔ ያልገባኝ ለእሳቸው ገብቷቸዋል፤ ሹሙ የሚያወራው ሰው ከአገር ስለ ማስኮብለል ነው። እዚያው አሠሯቸው። «እስከ ቅዳሜ ድረስ ከነዚህ ሰዎች አንዱ በአየር አንበሳሜ መድረሱ በማኅተም ካልተረጋገጠ ፋይሉ ወደ በላይ ይመራል» አለ ሹሙ። ፋይሉ ወደ በላይ የተመራ ሰው ተመልሶ ሲመጣ ያየ በከተማው አልነበረም።

ስብሰባ ተጠራ። ስሙ መዝገቡ ላይ ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ዘመድ ታመመበት። እኔ እጄን ሳወጣ ሊቀ መንበሩ ብድግ ብሎ «የጓዲት ንቃት በዚህ ሳምንት በእጅጉ አድጓል!» አለና አስጨበጨበልኝ።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ተነሣሁ። ዊንቹን የያዙት ሐጂ ናቸው፤ «ቢስሚላህ» ሲሉ ይሰማኛል። ከቄራው በላይ ጥንብ አንሳዎቹን አገኘሁና አብሬያቸው ዞርኩ፣ ዞርኩ፣ የከፍታ መለኪያው አንድ ሺህ ሜትር አለፈ። ከዚያ አፍንጫውን ወደ ምሥራቅ አዙሬ ዐባይን ተሻገርኩ። ሐይቁ በስተግራዬ ነው። ከነፋሱ ፉጨት በቀር ድምፅ የለም። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንበሳሜ አጠገብ የታጨደ የጤፍ ማሳ ላይ ወረድኩ። አውድማ ላይ የነበሩ ገበሬዎች መንሻቸውን ይዘው ከበቡኝ። ሴት መሆኔን ሲያዩ መንሻውን ጥለው ጠላ አመጡልኝ።

የአንበሳሜው ጸሐፊ «በምን መጣሽ?» አለኝ።

«በአየር።»

«መዝገባችን ያለው የእግር፣ የበቅሎና የመኪና ዓምድ ነው። አየር የለንም።»

ብዙ ለመንኩት። በመጨረሻ በበቅሎው ዓምድ ሥር «በአየር» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን መታልኝ። ግላይደሩ ያለ ዊንች ስለማይነሣ እዚያው ማሳው ላይ ትቼ በእህል መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቱን ለሹሙ ሰጠሁት። ማኅተሙን ወደ ብርሃን አነሣ አድርጎ አየው። «አንቺ ደርሰሻል» አለ። «የቀሩትስ?»

የቀሩት አሥራ ሦስት ሰዎች ሰኞ ዕለት በአውቶቡስ አንበሳሜ ሄደው፣ ተሰልፈው፣ በአየር ለመድረሳቸው ማኅተም አስመቱ። ለክብሩ ሲል ስሙን ከበራሪዎቹ ጋር ያስተይብ የነበረው ሊቀ መንበሩም ከመሬት ሳይነሣ በራሪ ሆነ። አውሮፕላኑን እንመልሰው ሲሉ ደግሞ የአንበሳሜው ጸሐፊ «ገቢ ተደርጓል፤ የወጪ ትእዛዝ የታል?» ብሎ ከለከላቸው። ትእዛዙ እስከ ዛሬ አልመጣም። ሜዳውን ከብቶቹ ወረሱት።

መምህር ረቡዕ ተፈቱ። ጢማቸው አድጎ፣ ቀበቷቸው በእጃቸው ተጠቅልሎ ወጡ። በሐይቁ ዳር መንገድ ወደ ቤታቸው ስሸኛቸው አውሮፕላኑ መቅረቱን ነገርኳቸው። እሳቸው ግን «ዐባይን ስትሻገሪ ምን ያህል ከፍታ ነበረሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ፈራሽ?»

«ስለ እርስዎ ፈራሁ። መንገዱን ሙሉ ከሐሳቤ አልወጡም» አልኳቸው።

ውሸቴን ነበር። ገመዱን ከለቀቅኩ ጀምሮ ማሳው ላይ እስካርፍ ድረስ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እየዘፈንኩ ነበር። እሳቸው ታስረዋል፣ እኔ ካልደረስኩ ይጠፋሉ፤ ያ ሁሉ ለአንድ ሰዓት ከልቤ ወጥቶ ነበር። ይህንን ሳስብ አሁንም አፍራለሁ።

ቆም ብለው አዩኝ። «አትዋሽኝ ልጄ። እኔን እያሰብሽ ቢሆን አንበሳሜ አትደርሽም ነበር። እኔም እንደዚያ አላስተማርሁሽም» አሉኝ።

መንገዱ መሐል ቆሜ አለቀስኩ። መምህር ግን ክንዴን ያዙና ስለ በረራው ከመነሻው ጀምሬ አንድም ሳላስቀር እንደገና እንድነግራቸው ጠየቁኝ።