የተላጠ ቀለም ፍለጋ ወደ ወረታ

ጥቅምት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከባሕር ዳር የተነሣሁት የተላጠ ቀለም ለማየት ነው። ባለቤቴ ስትሰማ ሳቀች። "ለዚህ ወረታ ድረስ? የኛ በር አልበቃህም?"

ሥራዬ የፋብሪካ ዕቃ ኬሚካል እንዳይበላው የሚቀባውን ቀለም መምረጥ ነው። ወረታ ላይ የሴቶች ማኅበር ሩዝ ከነገለባው በሙቅ ውሃ የሚዘፈዝፍበት የብረት ታንክ አለ፤ ዐምና ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ዓመት ሳይሞላው ተላጠና ሩዙ ውስጥ ገባ፤ ሩዙም ተጣለ። አለቃዬ ወረቀት አስያዘኝ፦ "ያለአግባብ ተጠቅመውበት ነው ብለህ ፈርመህ ና።" ከፈረምኩ ድርጅቱ ዳግመኛ አይቀባላቸውም፤ የዘንድሮው ሩዝ ሲደርስ ሴቶቹ ታንክ የላቸውም።

ረፋድ፣ ፎገራ

እኔ መኪና ላይ ስቀመጥ ሕልምና እውን ይደባለቁብኛል። ክረምቱን ሜዳውን የዋጠው ውሃ ሸሽቷል፤ የቀረው እዚህም እዚያም ተኝቷል። ሩዙ ቢጫ መምታት ጀምሯል። ላሞቹ እስከ ጉልበታቸው ረግረጉ ውስጥ ቆመዋል፤ ሰማዩ ውሃው ላይ ስለወረደ ደመና የሚግጡ መሰሉኝ። ወረታ መገንጠያው ላይ ረዳቱ ትከሻዬን ባይነቀንቀኝ ኖሮ የምነቃው ጎንደር ነበር።

በባጃጅ ማኅበሩ ግቢ ደረስኩ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በር ላይ ተቀበሉኝ።

"አንተ ነህ ቀለም መራጩ?"

"እኔ ነኝ፤ እንደምን አደሩ?"

"እግዜር ይመስገን። በል የመረጥኸውን ና እየው!"

ታንኩ ውስጥ ቀለሙ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተንጠልጥሏል። አፈርኩ።

"ኬሚካል ነክቶት ይሆን?"

"ኧረ ተው የኔ ልጅ! የሚበላ በምንዘፈዝፍበት? ዐምናም በስልክ ጠይቀኸኝ ይህንኑ ነግሬሃለሁ።"

እውነታቸውን ነው። ያኔ የነገሩኝ ሩዙ ሲቆይ ውሃው እንደሚኮመጥጥ ብቻ ነበር። እኔም ኮምጣጣ የሚችል፣ ፖሊስተር የሚባል ቀለም መርጬ ተኛሁ። አሁን እጄ ወደ ቦርሳዬ፣ ወደ ወረቀቱ ሄደ።

"ቆይማ" አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ። "እንግዳ ቆሻሻ ዕቃ አያይም፤ አጥበን እናሳይህ።" ሁለት ሴቶች ከምድጃው የባሕር ዛፍ አመድ ዝቀው በፈላ ውሃ በጠበጡት።

"ሁልጊዜ በዚህ ነው የምታጥቡት?"

"ታዲያ በምን ይታጠባል? የእናቴም ጋን በዚህ ነበር የሚጠራ። ማታ እንሞላዋለን፣ ጠዋት እንደፋዋለን።"

ትኩስ የአመድ ውሃ ለፖሊስተር ጠላቱ ነው። ለእሳቸው ግን አመድ አመድ እንጂ ኬሚካል አይደለም፤ ማን ይፈርድባቸዋል? እርግጠኛ ለመሆን ከቦርሳዬ ሁለት የተቀቡ ብረቶች አወጣሁ፤ አንዱ በዐምናው ቀለም፣ ሌላው ለምግብ ዕቃ በሚሆን ኤፖክሲ። ፍም ላይ በተጣደ የአመድ ውሃ ውስጥ ነከርኳቸው። "ነገ ከሰዓት እናያለን" አልኩ።

በማግሥቱ፣ ወንዛዬ

ሰዓቱ እስኪደርስ ወንዛዬ ፍል ውሃ ገባሁ። እንፋሎቱ ዛፉንም ሰውንም ሸፈነው፤ ድምፅ ሁሉ ከሩቅ መጣ። ሰውነቴ ሲላላ ሐሳቤም ላላ። ብፈርምስ? ማን ያውቃል?

አጠገቤ ጉልበታቸውን የሚነክሩ ሽማግሌ አዩኝና "ምንህን አሞህ ነው?" አሉኝ።

"ደኅና ነኝ አባቴ።"

አላመኑኝም። ወገብህን ነው? ብርድ መትቶህ ነው? ምን ትበላለህ? ምን ላይ ትተኛለህ? ሁሉን ጠይቀው ሲያበቁ "በል ቶሎ ውጣ፤ ለአንተ ጥቂት ይበቃል" አሉ። እኔ ዐምና ሴቶቹን የጠየቅኋቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። እርጥብ ፀጉሬን እንኳ ሳላደርቅ ተመለስኩ።

ብረቶቹን አወጣን። የዐምናው ቀለም በጥፍሬ ብነካው ተገሸለጠ፤ ኤፖክሲው ንቅንቅ አላለም።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አልኳቸው።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። "ሩዙ የተጣለ ጊዜ እኮ እነዚህ ሁሉ እኔን ነው ያኮረፉ። የማይሆን ነገር ጨምራበት ነው አሉኝ።" ቀጥለው ደግሞ "አመዱን እንተወው?" አሉ።

"አይተዉት። የሚለወጠው ቀለሙ ነው።"

ወደ ቤት

ሚኒባሱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ወረቀቱ ላይ "ያለአግባብ ተጠቅመውበት" የሚለውን ሰርዤ "ያለአግባብ መርጬላቸው" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ደውዬ ስነግረው አለቃዬ ጮኸብኝ፤ ከጮኸ በኋላ ግን ቀቢዎቹ ሰኞ እንዲሄዱ አዘዘ። ሩዙ እስኪታጨድ ቀለሙ ለመድረቅ ጊዜ አለው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ድስት እየፈገፈገች ነበር። አጠገቧ ቆምኩ።

"ይህን በምንድን ነው የምታጥቢው?"

እጇን ከውሃው አውጥታ አየችኝ። "ዐሥራ ሁለት ዓመት አብረን ኖረን" አለች፣ "ዛሬ ገና ጠየቅኸኝ።"