ለታደለ የፈጠርኩለት ታሪክ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሊያ ከዲመን በብስክሌት መጣች። አምስተርዳም ውስጥ ቢልመር በሚባለው ሰፈር ካለው ቤቴ ለመድረስ ሩብ ሰዓት አይፈጅባትም። ጃኬቷን ሳታወልቅ ከቦርሳዋ አንድ ፖስታ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከመንግሥት የመጣ ነው። በዚህ አገር ዐሥራ ሰባት ዓመት የሚሞላው ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ለውትድርና መመዝገቡን የሚያሳውቅ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ወዲያው የሚጠራ የለም። ደብዳቤውም መልስ አይጠይቅም። ሊያ ግን መልስ መጻፍ ፈልጋለች፤ የጀመረችበትንም ወረቀት ከጎኑ ዘረጋች።

«ኦማ፣ ስሚኝማ» አለችኝ። አያቷን የምትጠራው በደች ነው፤ «አንቺ» ማለቷንም ከለመድኩት ቆይቻለሁ። «ጦርነት ቢመጣ አልሄድም ብዬ ልጽፍላቸው ነው። ግን ምክንያቴ አጭር ሆነብኝ። ሰው መግደል አልፈልግም፣ አለቀ። ቤተ ክርስቲያናችን ይከለክላል ብዬ ጨመርኩበት፤ ይሁን? ጠንከር ይላል።»

«ይከለክላል እንዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ የምትሄጂው አንቺ ነሽ።»

ሻይ ለመቅዳት ተነሣሁ። ጀርባዬን ስለሰጠኋት ፊቴን አላየችውም። ጠንከር ያለ ምክንያት። እኔም በወጣትነቴ ይህንኑ ለአንድ ሰው ብዬው ነበር።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ዘ ሄግ ከተማ፣ ሙርዋይክ በሚባለው ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ነበረችኝ። አገር ቤት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። እዚህ የአረጋውያን መኖሪያ ወለል እወለውል ነበር። የመኖሪያ ፈቃዴ ገና አልጸናም፤ በየጊዜው የሚታደስ ወረቀት ይዤ ነበር የምኖረው።

ደች ያስተማሩኝ ኮሪ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አራት አምስት ስደተኞች በምግብ ጠረጴዛቸው ዙሪያ እንቀመጣለን። ብርድ ሲገባ ወፍራም የአተር ሾርባ ይሰጡናል፤ ማንኪያ ቢያቆሙበት የማይወድቅ ዓይነት ነው። ረቡዕ ጾም ስለሆነ እኔ ቋሊማውን እየለቀምኩ ወደ ጎን አደርግ ነበር። ኮሪ አይተው ምንም አላሉኝም። በሳምንቱ ግን ሥጋ ያልነካው ትንሽ ድስት ለብቻዬ ሠርተው ጠበቁኝ።

ኮሪ ኩዌከር ነበሩ። ኩዌከሮች ቄስም መዝሙርም የሌላቸው፣ ጦርነትን በምንም ምክንያት የማይደግፉ ክርስቲያኖች ናቸው። ማዕረግ አይወዱም። እንደ አገሩ ልማድ «ሜፍራው»፣ ወይዘሮ፣ ስላቸው «ስሜ ኮሪ ነው» ይሉኝ ነበር። በደች ለመድኩት፤ በአማርኛ ሳስባቸው ግን እስከ ዛሬ አንቱ ናቸው። ፍርድ ቤት ቢቀርቡም አይምሉም። ሲምሉ ብቻ እውነት የሚናገሩ እንዳይመስል ነው ብለው አስረዱኝ። የኮሪ ወንድም ሆላንድ ኢንዶኔዢያ ላይ ስትዋጋ «አልዘምትም» ብሎ እስር ቤት ገብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ «አልተኩስም» የሚል ወጣት ሁሉ የእሳቸውን ደጅ ያውቀዋል። ለዳኛ ደብዳቤ ይጽፉለታል፣ አብረውት ይቆማሉ፣ ሾርባም ያበሉታል።

ታደለን ወደ እሳቸው ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ታደለ የደብረ ዘይት ልጅ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ከውትድርና በፊት ዳቦ ቤት ይሠራ ነበር። በሱዳን አድርጎ በመርከብ ሮተርዳም ደርሶ ጥገኝነት ጠይቋል። የተዋወቅነው እዚያው ሮተርዳም፣ የአገራችን ሰዎች ዘመን መለወጫን ሲያከብሩ ነው። አንድ ዳቦ አንሥቶ ሥሩን በጣቱ አንኳኳ፣ ጆሮውን አስጠጋና «ይሄ ስፖንጅ ነው፤ ዕቃ ይታጠብበት» አለ። ከሣቅሁ ብዙ ጊዜዬ ነበር።

አንድ እሑድ ወደ ኩዌከሮቹ ስብሰባ ይዤው ሄድኩ። ከሮተርዳም በባቡር መጥቶ ነበር። ዝናብ ነው፤ መንገዱ ላይ ደልፍት አጠገብ አትክልት የሚያበቅሉባቸውን የመስታወት ቤቶች ሲያይ ቲማቲም ከሰው የተሻለ ቤት አለው ብሎ እየተገረመ ደረሰ። ክፍሉ ውስጥ ወንበሮች በክብ ተደርድረዋል። ዐሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ዐሥር ደቂቃ አለፈ።

«ቄሱ ቀረ እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ቄስ የላቸውም። ዝም ማለቱ ነው ጸሎቱ።»

«ታዲያ የሚያዝ የለም?»

«የለም።»

«እዚህ ነው የምመጣው» አለ።

መምጣቱን አላቋረጠም። በዚያ ዝምታ መካከል መናገር ያለበት ሰው ካለ ይነሣል፤ ይናገራል፤ ይቀመጣል። መልስ የሚሰጥ የለም። በኅዳር ወር አንድ እሑድ ታደለ ተነሣ። በአማርኛ ነበር የተናገረው፣ እኔም ቆሜ አስተረጎምኩ። ቃሉን አልረሳሁትም።

«ማዶ ሰዎች ውኃ ይቀዱ ነበር። አዛዡ ተኩስ አለኝ። አንዱ ሰውዬ ጀርባውን ሰጥቶ ጀሪካኑን ያለቀልቅ ነበር። ጠመንጃዬን መሬት አስቀመጥኩ። ገረፉኝ፣ አሰሩኝ፣ አመለጥኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ተቀመጠ። ኮሪ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። እኔ ወደ ደች ስመልሰው ግን ልቤ ደነደነ። ይህን ያኔ ለማንም አልተናገርኩም። ታላቅ ወንድሜ ግርማ ሰሜን ግንባር ሄዶ አልተመለሰም። አስከሬኑ እንኳን አልመጣልንም። እናቴ ባዶ እጇን ተቀምጣ ያለቀሰችበት ቤት ከዓይኔ አልጠፋም ነበር። ወንድሜ ጠመንጃውን ሳያስቀምጥ ነው የሞተው። ታደለን እወደው ነበር፤ ያንን ቃሉን ግን አልወደድኩለትም።

ጥገኝነቱን የሚወስኑት ባለሥልጣኖች ቃለ መጠይቅ ከመድረሱ በፊት አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ሮተርዳም ሄድኩ። ታደለ ከሁለት ስደተኞች ጋር ሊፈርስ የታሰበ አሮጌ ቤት ውስጥ ይኖር ነበር። ወጥ ቤት ገብቶ ሊጥ ያሻል፤ እጁ እስከ ክንዱ ነጭ ነው።

«ምን ልትላቸው ነው?» አልኩት።

«የሆነውን።»

«ሰውዬው ጀሪካን ያለቀልቅ ነበር ልትል ነው? ፈሪ ነው ይሉሃል፤ ከጦርነት የሸሸውን ሁሉ ከተቀበልን ማን ይቀራል ይላሉ። ጠንከር ያለ ምክንያት ያስፈልግሃል። የኅቡዕ ድርጅት አባል ነበርኩ በል።»

«ድርጅት የለኝማ።»

«ለአንድ ቀን ይኑርህ።»

ሣቀ። ስደተኛው ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚመካከረው፤ የየራሱን ታሪክ አሳንሶ የተሻለ የሚመስለውን የሌላ ሰው ታሪክ ይዋስ ነበር። እኔ ደግሞ ታይፒስት ነኝ፤ ጽሑፍ ያምርልኛል። አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩለት። የድርጅቱን ስም፣ የበላዩን ስም፣ የተያዘበትን ወር፣ ሁሉንም። ወረቀቱን ዱቄት ዕቃው ላይ አቆመው፣ ሊጡን እያሸ ያጠናው ጀመር።

«ፀሐፊዋ» አለኝ፤ ሲያሾፍብኝ እንዲህ ነበር የሚጠራኝ፤ «ይሄ ሰውዬ ከእኔ ይሻላል። ጀግና ነው።»

«አንተ ነህ እኮ።»

«እኔማ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ።» ሊጡን ገለበጠው። «ኮሪስ? የሰማችው ሌላ ነው።»

«የእሳቸውን ለእኔ ተወው» አልኩት።

ለኮሪ ግን አልነገርኳቸውም። ረቡዕ መጣ፣ ሾርባዬን በላሁ፣ ግሥ አረባሁ፣ ወጣሁ። በሚቀጥለውም ረቡዕ እንዲሁ። እውነት ብቻ ስለሚናገሩ መሐላ የማያስፈልጋቸውን ሰው «ውሸት አዘጋጅተናል» ብዬ እንዴት እንደምጀምር አላወቅኩም። እሳቸው ደግሞ፣ ልማዳቸው ነውና፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ለባለሥልጣኖቹ ጽፈው ነበር። ታደለ ቆሞ የተናገረውን፣ ውኃ ቀጂዎቹን፣ ጀሪካኑን፣ ቃል በቃል እኔ እንደተረጎምኩት።

ውሳኔው በየካቲት ደረሰ። ቦዩ በረዶ ይዞ ልጆች ይንሸራተቱበት ነበር። ታደለ ወረቀቱን ለኮሪ ሰጥቷቸው ወደ ሮተርዳም ተመልሷል። ኮሪ በጠረጴዛቸው ላይ ቀስ ብለው አነበቡልኝ። አመልካቹ የፖለቲካ ድርጅት አባል ነበርኩ ብሏል። ለድጋፍ የቀረበው ደብዳቤ ግን ስለ ድርጅት አንድ ቃል ሳያነሣ ሌላ ታሪክ ይናገራል። ሁለቱ ስለማይጣጣሙ አንዱንም ማመን አይቻልም።

«የትኛው ነው እውነቱ?» አሉኝ።

«እርስዎ የጻፉት።»

«ሌላውን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

አልተቆጡኝም። ወረቀቱን አጥፈው እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ያን ዕለት ቢቆጡኝ እመርጥ ነበር።

«ይግባኝ አለው» አሉ በመጨረሻ። «ለታደለ የቆመለት ጠበቃ ዘንድ ሄደሽ ይህንኑ ንገሪው። አብሬሽ እመጣለሁ።»

«እሺ፣ ሰኞ» አልኳቸው። ዓርብ ነበር።

ሰኞ ሥራ አለኝ አልኩ። ማክሰኞ አመመኝ አልኩ። ረቡዕ ለትምህርቱም አልሄድኩም። እውነቱ ግን ፈርቼ ነበር። የሐሰት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ ብዬ ብፈርም የራሴን ወረቀት የሚያድሱልኝ አልመሰለኝም። ኮሪ በየቀኑ ስልክ እየደወሉ «ተሻለሽ?» ይሉኛል፤ ከዚያ ሌላ አይጨምሩም።

ሐሙስ ጠዋት አብረን ሄድን። ጠበቃው ያልኩትን ጻፈ፤ ፈረምኩ። ይህ ነገሩን ሊለውጠው ይችላል አለ። በእኔ ላይም ከዚያ በኋላ ምንም አልደረሰም፤ ፈቃዴም በጊዜው ታደሰ። ከጠበቃው ቢሮ በቀጥታ ወደ ጣቢያው ሄጄ የሮተርዳምን ባቡር ያዝኩ።

በሩን የከፈተልኝ አብሮት የሚኖረው ልጅ ነው። ታደለ ማክሰኞ ጠዋት ቦርሳውን ይዞ ወጥቷል። «ከእንግዲህ የሚያምነኝ የለም፣ ወደ ቤልጅግ ልሻገር» ብሏል። ለእኔ በፎጣ የተጠቀለለ ዳቦ ትቷል። ሁለት ቀን ስላደረ ደርቋል። በባቡር ጭኔ ላይ ይዤው ተመለስኩ። ደልፍት ስንደርስ ሥሩን በጣቴ አንኳኳሁት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አግብቼ ወልጄ አምስተርዳም ከገባሁ በኋላ፣ ቢልመር አንድ ለቅሶ ቤት ውስጥ የቀድሞ ወታደር አጠገቤ ተቀመጠ። ጨዋታው ወደ ደብረ ዘይት ሄደ። ዳቦ ጋጋሪውን ታደለን ያውቀው ነበር። ቤልጅግ ላይ ተይዞ ወደ አገር ቤት ተመልሷል፤ ከአውሮፕላን ጣቢያ ወስደው እንደገና ወደ ሰሜን ላኩት። ሰውዬው ለመጨረሻ ጊዜ ያየው የጭነት መኪና ላይ ነው። ጠመንጃ ይዞ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ስለ ዳቦው ጠየቅኩት፤ ጎበዝ ነበር አለ። ቀስ ብዬ ተነሥቼ ሳህን ለማጠብ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ።

ኮሪ ዛሬ የሉም። ቀብራቸው ላይ የተናገረ አልነበረም፤ አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብለን ተቀመጥን፣ ከዚያ እርስ በርሳችን ተጨባብጠን ወጣን።

ይህን ሁሉ ባለፈው ቅዳሜ ለሊያ ነገርኳት። ለልጄ እንኳን ነግሬ አላውቅም። ሻዩ ቀዝቅዟል። ስልኳን ገልብጣ አስቀምጣ ነበር የምትሰማኝ።

«ኦማ» አለች ቆይታ፣ «ታዲያ ተኮሰ?»

«አላውቅም።»

«ግን ምን ይመስልሻል? አልተኮሰም፣ አይደል? አንዴ አስቀምጦት የለ።»

አልተኮሰም ብላት ደስ ይላታል። እኔም እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ብዙ ጊዜ በሐሳቤ ያንን ጠመንጃ ከእጁ ወስጄ መሬት ላይ አስቀምጬለታለሁ።

«አላውቅም፣ ልጄ» አልኳት። «አንድ ጊዜ ታሪክ ፈጥሬለታለሁ። ሁለተኛ አልፈጥርለትም።»

ወረቀቷን ወደ ራሷ ሳበች። ስለ ቤተ ክርስቲያን የጻፈችውን መስመር ሰረዘችው። የቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር።