በፍልሰታ የታረደችው በግ

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ አርፎ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ስለ ሟቹ ይወራል። አንዱ፣ «ጾም አጓድሎ አያውቅም፤ እውነተኛ ክርስቲያን ነበር» አለ። የቀሩትም ራሳቸውን እየነቀነቁ ተስማሙ። ሟቹ በርግጥም ጿሚ ነበር፤ ደግ ሰውም ነበር። እኔ ግን ያን ቃል ስሰማ ሐሳቤ ከድንኳኑ ወጥቶ ስማዳ ገባ። አባቴ ቤት፣ በክረምት፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ዘመን ነው። ቤታችን ከወገዳ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ ይርቃል። አባቴ ቄስ አለባቸው በደብራችን በማርያም ይቀድሳሉ፤ በቀረው ጊዜ ገብስና ስንዴ ያርሳሉ። እኔ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም፣ ሁለት ዓመት ድጓ ስማር ቆይቼ ለፍልሰታ ጾም ወደ ቤት ተመልሻለሁ። ዲያቆን ነኝ። ድምፁ ያምራል ይሉኛል፤ እኔም ከሚሉት በላይ አምናለሁ። ጾሙ የሚፈታበት ዕለት፣ ነሐሴ አሥራ ስድስት፣ ከአባቴ ጋር ገብቼ እንድቀድስ ተነግሮኛል። ያንን ቀን የምጠብቀው ሙሽራ ሠርጉን እንደሚጠብቅ ነበር።

ፍልሰታን እኛ አገር ሕፃናቱም ይጾሙታል። ጠዋት ጭጋጉ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ እርሻውን ይሸፍነዋል፤ ሰዉ በጭጋጉ ውስጥ ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጣል። ቅዳሴው የሚያልቀው ከሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ መልስ የሚቀርበው የገብስ እንጀራ በተልባ ነው፤ ሲገኝ ጎመን ይጨመርበታል። ራቡ ይጣፍጣል ብል ማጋነን አይደለም። ሆዴ ባዶ በሆነ ቁጥር ለእግዚአብሔር የቀረብኩ ይመስለኝ ነበር።

በጾሙ በሦስተኛው ቀን፣ ሊመሽ ሲል፣ ቤት ብቻዬን ነበርኩ። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሱም። እናቴ ምጥ ወደ ያዛት ጎረቤት ሄዳለች። ዝናቡ ይወርዳል። ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ዳዊት እደግማለሁ።

«የቤቱ ባለቤቶች! የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ!» የሚል ድምፅ ከደጅ ሰማሁ።

ጣቴን ያቆምኩበት መስመር ላይ እንዳደረግሁ ዳዊቱን ይዤ ወጣሁ። ጨው የተጫነች አህያ የሚነዳ፣ ራሱን በእራፊ ሻሽ የጠመጠመ ሰው ቆሟል። ውሃው ከአገጩ ይንጠባጠባል። ይንቀጠቀጣል። በአባቴ ዕድሜ ነው፤ እኔ ግን «አንተ» ብዬ ጠየቅሁት።

«ከየት ነህ? ምንድን ነህ?»

«ነጋዴ ነኝ፣ የእስቴ ሰው። እስላም ነኝ። ከበረሃ ስወጣ ንዳድ ያዘኝ መሰለኝ፤ አቅም አጣሁ።»

«ይህ የቄስ ቤት ነው። ሱባኤ ላይ ነን። ከወንዙ ማዶ ሌሎች ቤቶች አሉልህ፤ እዚያ ጠይቅ» አልኩት።

ሰውየው ወንዙ ወደሚጮኽበት አቅጣጫ አየ። ክረምት ነው፤ ወንዙ ሞልቷል። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ደጋግሞ አልለመነኝም። «እሺ፣ አላህ ይስጥልኝ» ብሎ አህያዋን አዞረ። እኔም ተመልሼ ጣቴ ካቆመችበት መስመር ቀጠልኩ። አንድም ቃል አልተሳሳትኩም።

ሲነጋጋ አባቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጩኸታቸውን ሰማሁ። ከገብሱ ማሳ ግርጌ ካለው ወይራ ሥር ሰውየው ተኩራምቶ ወድቋል፤ አህያዋ ጭነቷን እንደተሸከመች አጠገቡ ቆማለች። አባቴ ጋቢያቸውን አውልቀው ሲያለብሱት ደረስኩ።

«ና፣ በእግሩ በኩል ያዝ!» አሉኝ። ተሸክመን አገባነው። ገላው እንደ ምጣድ ይፋጃል። እናቴ እሳቱን አነደደች፤ አባቴ የራሳቸውን መደብ ለቀቁለት። አባቴ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ «ምነው ቤታችንን ሳያየው ቀረ? ይህን ያህል ቅርብ ደርሶ!» አሉ።

«ጭጋጉ ጋርዶት ይሆናል» አልኩ። ከቤተ ልሔም ከተመለስኩ ወዲህ ለአባቴ የዋሸሁት የመጀመሪያው ውሸት ነው።

ስሙ እንድሪስ መሆኑን በማግስቱ ነገረን። አራት ቀን ሙሉ ትኩሳቱ ሲነሣና ሲወርድ ሰነበተ። ጎረቤት ተስቦ ነው ብሎ ስለፈራ ደጃችንን የሚረግጥ ጠፋ። እናቴ በፍልሰታ ላም እያለበች ወተት በማንኪያ ታጠጣዋለች። እኔ ውሃ እንዳቀብለው ስታዘዝ አቀብላለሁ። ባቀበልኩት ቁጥር ዓይኑን ገልጦ ያየኛል። «ያዋርደኛል፤ ዛሬ ባይሆን ነገ ለአባቴ ይነግራቸዋል» እላለሁ በልቤ። ቅዳሴ ቆሜ የማስበው እሱን ብቻ ሆነ። እንዲድንም እመኛለሁ፤ እንዲናገር ግን አልፈልግም። ከዚህ የባሰውንም አስቤያለሁ፣ አሁን ብጽፈው የማፍርበትን።

በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው፤ ግን ሰው አይመስልም። እናቴ፣ «መረቅ ካላገኘ አይነሣም» አለች። አባቴ ለበዓሉ የቀለብናትን በግ ሊያርዱ ተነሡ። ያን ጊዜ እንድሪስ ከመደቡ እጁን አንሥቶ፣

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ በደከመ ድምፅ። «እናንተ ያረዳችሁትን በሃይማኖቴ መብላት አልችልም። ደጎች ናችሁ። ግን ብሞትም አልችልም።»

እኔ ተናደድኩ። በጾማችን በግ ልናርድለት፣ ደግሞ ሊመርጥ! አባቴ ግን ቢላቸውን ወደ አፎቱ መልሰው ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ እስላም ቤት ታምሜ ብተኛ የእነሱን እበላ ነበር?» አሉ። «ተነሥ። ወገዳ ውረድ። ከገበያው በላይ እስላም ነጋዴዎች አሉ። የሚያርድ ሰው ይዘህ ና።»

በዚያ ጭቃ የሄድኩት እያጉረመረምኩ ነው። ነጭ ጥምጣሜን አሳምሬ ጠምጥሜ፣ በፍልሰታ፣ በግ የሚያርድ እስላም ስፈልግ! ወገዳ ስደርስ ሰው እንዳያየኝ በጓሮ በኩል ዞርኩ። ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ ነጋዴ ቤት አመለከቱኝ። ነገሩን ስነግራቸው በግራ ጆሯቸው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ማን ነው የላከህ?»

«አባቴ። ቄስ አለባቸው።»

«ቄሱ? በጾም? ለኛ ሰው?»

«አዎ።»

ሌላ አልጠየቁኝም። ሥጋ ያልነካ አዲስ ሸክላ ድስት ከቤት አወጡ፤ ቢላቸውንና በርበሬያቸውን ያዙ፤ ዱላቸውን አነሡ። በዚያ ዕድሜያቸው ያን ሁሉ መንገድ አንድ ጊዜም እንረፍ ሳይሉ መጡ። ወንዙን ስንሻገር ውሃው እስከ ታፋችን ደረሰ፤ ድንጋይ ከድቶኝ ስንገዳገድ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። ማዶ እስክንደርስ አለቀቁኝም።

በጓ ስትታረድ ገበዙ ደረሱ። የደብራችንን ሥርዓት የሚጠብቁ፣ ጥብቅ ሰው ናቸው። አጥር ላይ ቆመው ሰይድን፣ ቢላውን፣ ደሙን አዩ።

«ቄስ አለባቸው፣ በእመቤታችን ጾም፣ በካህን ግቢ፣ በእስላም ቢላ?»

«የታመመ ሰው አለብኝ፣ አባ» አሉ አባቴ።

«ሕዝቡ ምን ይላል? ይህ ነገር አለቃው ዘንድ ቢደርስ ለበዓሉ መቀደስዎ ይቀራል።»

አባቴ ወደ አጥሩ ቀረቡ። ድምፃቸውን አላነሡም። «ጾሙን የምጾመው እኔ ነኝ፤ ዛሬም እህል አልቀመስኩም። እሱ ከዚህ ደጅ ቢሞት ግን ለበዓሉ ምን ይዤ ነው መቅደስ የምገባው?»

ገበዙ ሳይሰናበቱ ሄዱ። ነገሩ አባቴን እንዳሳሰባቸው ከአረማመዳቸው ይታወቃል። ቤታችን በመረቅ ሽታ ተሞላ። እኔና አባቴ እናቴ ያቀረበችልንን ቂጣ በተልባ እያጠቀስን በላን። በማግስቱ ጠዋት የገበዙ ሴት ልጅ በቅል ወተት ይዛ መጣች። «ለበሽተኛው ነው» አለች፤ ሌላ መልእክት የላትም። አባቴ ቅሉን ተቀብለው ረጅም ጊዜ በእጃቸው ይዘውት ቆዩ።

እንድሪስ መረቁን እየጠጣ ቀን በቀን ፊቱ መለስ አለ። መደቡ ላይ ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ ከእናቴ ጋር ስለ እስቴና ስለ ልጆቹ ያወራ ጀመር። ስለ እኔ ግን አንድ ቃል አልተናገረም። ዝምታው ከመናገሩ ይልቅ ከበደኝ።

የበዓሉ ዋዜማ፣ ጠዋት፣ አባቴ ስንዴ ውስጥ አረም ይነቅላሉ። አጠገባቸው ጎንበስ ብዬ አብሬ መንቀል ጀመርኩ። ጥቂት እንደቆየን፣ «አባዬ፣ ያን ዕለት ማታ ደጃችን መጥቶ ነበር። እኔ ነኝ የመለስኩት» አልኩ።

እጃቸው ቆመ። ቀና አላሉም። በእጃቸው ያለውን አረም ሥሩን አራግፈው ወደ ዳር ጣሉት።

«ዝናብ ነበር?»

«ዝናብ ነበር።»

«ምን ትሠራ ነበር?»

«ዳዊት እደግም ነበር።»

በሕይወቴ አባቴ የመቱኝ ጊዜ ጥቂት ነው፤ ያን ቀን ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ይህን ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?» አሉ በመጨረሻ። «የበደልከው እቤት ተቀምጧል።»

ገባሁ። እንድሪስ የአህያዋን ኮርቻ በመርፌ ይጠግናል። እግሩ ላይ ወደቅሁ። «ይቅር ይበሉኝ፤ ያን ዕለት ያባረርኩዎ እኔ ነኝ።» ከዚያች ቅጽበት ወዲህ አንቱ ያላልኳቸው ቀን የለም።

«ተነሥ፣ ልጄ፣ ተነሥ» አሉ። «ገና በመጀመሪያው ቀን ውሃ ስታቀብለኝ በድምፅህ ለይቼሃለሁ።»

«ታዲያ ለአባቴ ለምን አልነገሩብኝም?»

መርፌውን ኮርቻው ላይ ሰኩት። «አባትህ ከጭቃ አንሥተውኛል። እኔ ደግሞ በልጃቸው ላሳዝናቸው? መኝታቸውን ለለቀቁልኝ ሰው የምከፍለው ይህን ነው?» መርፌውን እንደገና አንሥተው፣ «ደግሞ ልጅ ነህ። ትማራለህ ብዬ አሰብኩ» አሉ።

በማግስቱ አባቴ ቀደሱ፤ ማንም አልከለከላቸውም። እኔን ግን፣ «ዛሬ ከሕዝቡ ጋር ቆመህ አስቀድስ» አሉኝ። ቅጽሩ ውስጥ፣ ዝናብ ያራሰው ሣር ላይ፣ ከገበሬዎቹ መካከል ቆምኩ። ያን ያህል ስጠብቀው የከረምኩት የመቅደስ ዜማ በሌላ ዲያቆን ድምፅ ወጣ። ይቆጨኛል ብዬ ነበር፤ አልቆጨኝም። ከልቤ «አቤቱ ይቅር በለን» ብዬ የጸለይኩት የመጀመሪያው ቅዳሴ ያ ይመስለኛል።

አያ እንድሪስን ከሁለት ቀን በኋላ ወደ መካነ ኢየሱስ የሚወስደው መንገድ ድረስ ሸኘኋቸው፤ አህያዋን እኔ ነዳሁ። ከዚያ ወዲህ በየበጋው፣ አውድማ ሲወቃ፣ ሳይመጡ ቀርተው አያውቁም። አባቴ ሲያርፉም ከእስቴ ድረስ መጥተው ከእኛ ጋር ሦስት ቀን ተቀምጠዋል።

እኔ ቅስናውን አልተቀበልኩም። መምህር ሆኜ ብዙ ከተማ ዞሬ ጡረታ ወጣሁ። ስለ ክርስትና ብዙ አንብቤያለሁ፤ ሰው ፊት ቆሜም ተናግሬያለሁ። አባቴ ግን ክርስቲያን ማለት እንዲህ ነው ብለው አንድ ቀን አስተምረውኝ አያውቁም። ፍልሰታን ዛሬም እጾማለሁ፤ በዚህ ዕድሜ ሆድ ብዙ ስለማይጠይቅ ጾሙ አይከብደኝም። የሚከብደኝ ሌላው ነው። ደክሞኝ ሳለ፣ በጸጥታዬ መካከል፣ የማላውቀው ሰው ችግሩን ይዞ ሲመጣብኝ ፊቴን ሳላጠቁር መቀበል። እሱን በሰማንያ ዓመቴም ገና እየተማርኩ ነው።