ጥሩንባ ያልተነፋላት

ባለፈው ሰሞን ወልድያ መብራት ጠፍቶ ሰነበተ። ለነገሩ እኛ ጋ ዜና የሚሆነው መጥፋቱ ሳይሆን መምጣቱ ነው፤ ሱቄ ውስጥ ያለው ፍሪጅ ቁም ሳጥን ከሆነ ቆይቷል። እናም ከሰል የጫነ ባጃጅ በሰፈራችን ሲያልፍ ጠርቼ አስቆምኩት። ሻጩ ፂሙ ገና ማቀምቀም የጀመረ ወጣት ነበር። ከጆንያው ሁለት የከሰል ስባሪ አንስቼ አጋጨኋቸው። ጠንካራ፣ ከባድና ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ የወይራ ከሰል ነበር። ዛሬ ዛሬ እንዲህ ያለ ከሰል ከየት ይመጣል ብዬ ገረመኝና ጠየቅኩት።

«ከውርጌሳ በላይ ነው እማማ። ከጥብቁ ተራራ» አለኝ።

ከሰሉን መልሼ ጆንያው ውስጥ አላስቀመጥኩትም።

እኔ የዚያ ተራራ ግርጌ ልጅ ነኝ። በልጅነቴ ተራራው በመንግሥት ትእዛዝ ተከልሎ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ታዲያ ሀገሬው ሁሉ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። እኛም ወጥተናል፤ ሌላው ቆረጠ ማለት አልወድም። ማንም የኔ አላለውምና በአንድ በጋ ራሰ በራ አደረግነው። ከዚያ ክረምቱ መጣ። ውሃው የሚይዘው ነገር ሲያጣ ድንጋዩን እያንከባለለ ወረደብንና ማሽላችንን ከነአፈሩ ጠራርጎት ሄደ። በበጋው ደግሞ ምንጩ ነጠፈ። ሴቶቹ ውሃ ፍለጋ ግማሽ ቀን መሄድ ጀመርን።

ያኔ ነው ቅሬው የተሰበሰበው። ቅሬ ሌላው ሀገር እድር የሚለው ነው። እኛ ጋ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነበረው፤ ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል፣ ጥሩንባውን የሰማ ሁሉ ሞፈሩን ጥሎ ይመጣል፣ መቃብር ይቆፍራል፣ ይሸከማል፣ ንፍሮ ያመጣል። ዳኛው ሸህ ኢብራሂም ነበሩ። ተራራውን ራሳችን እንከልለው በሚለው ሁሉም ተስማማ። የቆረጠ ሰው ምን ይሁን በሚለው ላይ ግን ክርክር ሆነ። አንዱ ገንዘብ ይቀጣ አለ፣ ሌላው እህል ይስፈር አለ። በመጨረሻ አባቴ አያሌው ተነሣ። አባቴ በስብሰባ ላይ መናገር ይወድ ነበር።

«በገንዘብ ከሆነ ያለው እየከፈለ ይቆርጣል» አለ። «ሞት ግን ሀብታም ደሃ አይልም። ከጥብቁ አንድ እንጨት የቆረጠ፣ እሱም ቤተሰቡም ቅሬ አይውጣላቸው።»

ሸህ ኢብራሂም ጢማቸውን ይዘው «አያሌው፣ የከበደ ነገር ነው የተናገርህ። አስበህበታል?» አሉት።

«አስቤበታለሁ።»

እጅ ወጣ፣ ሕግ ሆነ። እናቴ ቤት ስንገባ «አንተ ሰው፣ ቀብራችንን ለዛፍ መያዣ ሰጠኸው?» ብላ ወረፈችው። አባቴ ሳቀ። ሰው የሌላውን ሞት ሲያስብ የራሱን ቤት ይዘላል መሰለኝ።

ሕጉ ግን ሠራ። መካድ አልችልም። ሐምሌ በገባ ቁጥር ከመርሳ ችግኝ ጣቢያ ያመጣነውን ችግኝ በቅርጫት አዝለን እንወጣ ነበር። የእርጥብ አፈሩ ሽታ፣ ከጀርባዬ ላይ የሚንጠባጠበው ጭቃ፣ እርከኑ ላይ ተቀምጠን በጭቃ እጃችን የቆረስነው የማሽላ ቂጣ አሁንም አፌ ላይ አለ። ከብት በቤቱ ታሰረ፤ መስከረም ሲጠባ ሣሩን በዕጣ ተካፍለን በማጭድ እናጭዳለን። ቆርጠን የጨረስነው የወይራ ጉቶ ሁሉ ሳንነግረው በራሱ አቆጠቆጠ። ቆቅ ተመለሰች። ምንጩም እንደ ሕፃን ልጅ እንባ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ።

እንዲህ ሆነን ጥቂት ዓመታት አለፉ። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ እናቴ ከእኔ በኋላ ብዙ ቆይታ አረገዘች። ምጧ የመጣው ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ እረፍት በነሣበት ሳምንት ነው። ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ የመንደሩ አዋላጅ ነበረች። ረፋዱ ላይ እጇን እየጠረገች ወጣችና አባቴን «ልጁ ተጋድሟል፣ ከኔ አቅም በላይ ነው፣ መርሳ ጤና ጣቢያ አውርዷት» አለችው።

የማውረጃው ነገር አንድ ነው፤ የቅሬው ቃሬዛ። እሱ ደግሞ በዋዜማው ወባ የጣለውን ሰው ይዞ መርሳ ወርዶ አልተመለሰም። በዚያ ጭቃ በቅሎ አትታሰብም። ያኔ በመንደራችን ባሕር ዛፍ አልነበረም፣ የምንተኛውም መደብ ላይ ነውና ለቃሬዛ የሚሆን አልጋ የለም። አባቴ የጎተራውን ጣራ አፍርሶ ሁለት ወራጅ አወጣ። ነቀዝ በልቶት ኖሮ እናቴን ገና ከደጃፍ ሳናሳልፋት አንዱ ቀሽ ብሎ ተሰበረ።

አባቴ የተሰበረውን እንጨት ጥሎ ሽቅብ ወደ ተራራው ሲመለከት አየሁት። እናቴም አየችው።

«ተው አያሌው። ቃልህን አትብላ» አለችው፣ ጥርሷን ነክሳ።

«አንቺ ዳኝልኝ እንጂ ቃሌን ጅብ ይብላው» አለና መጥረቢያውን ይዞ ወጣ።

ሁለት ለጋ ወይራ ቆርጦ ተመለሰ። ከጉቶ የበቀሉ፣ ቀጥ ያሉ፣ ልጣቸው ገና የሚያዥ እንጨቶች ነበሩ። በጠፍር አሰርናቸው፣ ጋቢ ዘረጋንበት። ለመሸከም የመጡት ጎረቤቶች እንጨቱን አዩት፣ ከየት እንደመጣም ያውቁታል። ያም ሆኖ ትከሻቸውን ሰጥተው ቁልቁል ወረዱ።

ውርጌሳ አስፋልቱ ዳር ደርሰን መኪና መጠበቅ ጀመርን። ጭነት የሞላ አይሱዙ ጭቃ እየረጨብን ያልፋል። አባቴ መሀል መንገድ ገብቶ እጁን እያወናጨፈ ይለምናል፤ ሹፌሮቹ ክላክስ እየነፉ ይሸሹታል። እናቴ እጄን ይዛ «ብርድ ነው» አለችኝ። ሌላ ቃል አልተናገረችም። በኋላ አንድ መኪና ቆመ። አባቴ ለሹፌሩ ሂድ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠው።

አስከሬኗን ይዘን ቤት ስንደርስ ተሸካሚዎቹ አስቀምጠዋት አንድ በአንድ ወጡ። እንደ ወትሮው ቢሆን ጥሩንባው ወዲያው መነፋት ነበረበት። አልተነፋም። አባቴ በዓይኑ ወደ ሸህ ኢብራሂም ቤት አመለከተኝ።

ሸህ ኢብራሂም በራቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሰምተዋል።

«አብሽሪ ልጄ። አላህ ያጽናሽ» አሉኝ።

«ጥሩንባውን ያስነፉልን አባባ።»

«ያውልሽ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አውርጄ ብነፋው እኔም በቀለለኝ፣ ወላሂ። ግና ዛሬ ለአያሌው ከተነፋ ነገ ሁሉም ለታማሚዬ ነው እያለ መጥረቢያውን ይዞ ይወጣል። የሌላው ታማሚ ከናትሽ በምን ያንሳል? ተራራው ከተራቆተ ደግሞ ያ ጎርፍ ስንት እናት ይወስዳል?»

«እናቴ ምን አጠፋች?»

«ምንም አላጠፋች።»

«እንግዲያ ማን ይቀብራታል?»

እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። እኔ ግን ለእንባቸው ቦታ አልነበረኝም። ጠላኋቸው፤ እሳቸውንም፣ ቅሬውንም፣ ያንን ተራራም።

ለአባቴ የተባልኩትን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «እኔም ብሆን እንዲያ ነው የምል» አለ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ሲባል እሰማ ነበር፤ አባቴ የሰፈረው ቁና ግን የተሰፈረው በእናቴ ሬሳ ነው። ዶማውን አንስቶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣ። ዝናብ ውስጥ ብቻውን ሲቆፍር አመሸ።

በማግስቱ ጠዋት የቅሬያችን አባል ያልሆነው አጎቴ ካሳ ከመርሳ መጣ። ለፍትሐቱ የመጣው ቄስና አባቴ ተጨመሩ። ለቃሬዛው አራት ሰው ያስፈልጋል፣ እነሱ ሦስት ናቸው። በሀገራችን ሴት ሬሳ አትሸከምም። እኔ አራተኛውን ጫፍ ትከሻዬ ላይ አደረግኩት። እነዚያው ወይራዎች ነበሩ፤ እርጥብ ልጣቸው አንገቴን ይልጠኝ ነበር። በየአጥሩ ጎረቤቶቻችን ቆመዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይደቃሉ፤ እግራቸው ግን ከአጥራቸው አልወጣም። እትዬ ሙሉ እንኳ አልወጣችም። ከሞቱ አሟሟቱ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ከአሟሟቱም አቀባበሩ እላለሁ።

ዳገቱ ላይ ጭቃው አንሸራተተኝ። ልወድቅ ስል ከኋላዬ አንድ እጅ እንጨቱን ያዘልኝ። ሸህ ኢብራሂም ነበሩ፣ ብቻቸውን።

«ጥሩንባ አልሰማሁም፣ የጠራኝም የለም። ጎረቤቴ ናትና መጣሁ» አሉና ትከሻቸውን በእኔ ትከሻ ቦታ ተኩ።

እናቴ ከነልጇ በአራት ወንድና በአንዲት ሴት ልጅ ተቀበረች። ሸህ ኢብራሂም በሚቀጥለው ስብሰባ ሕግ አፍርሻለሁ ብለው ራሳቸውን ከሰሱና ዳኝነቱን ለቀቁ። አባቴ ሽማግሌ ልኮ፣ ችግኝ ተክሎ፣ ከጊዜ በኋላ ወደ ቅሬው ተመለሰ። ሁለተኛ ቃሬዛም ተሠራ። ለእናቴ ግን አልደረሰም።

አግብቼ ወልድያ ከገባሁ በኋላ ደሴ ስሄድ በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር። አንድ ክረምት ግን ዘንግቼ አየሁት። ከግርጌው እስከ ጫፉ ጥቅጥቅ ብሎ ለምልሟል፣ ከሥሩ ያለው ማሽላ ሰው ይውጣል። አለቀስኩ። እናቴን የገደላት ተራራው አይደለም፤ ያለ ቀባሪ የሄደችው ግን እሱ እንዲቆም ነው። ይቁም እንግዲህ፣ ቢያንስ እሱ ይቁም ብዬ ታረቅኩት።

ይኸው አሁን በጆንያ ሆኖ ደጃፌ መጣ።

«ቅሬው ዝም አለህ?» አልኩት ልጁን። «ከዚያ ተራራ የቆረጠ ቅሬ አይወጣለትም ነበር።»

ልጁ የጆንያውን አፍ እያሰረ ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ እንኳ አልነበረውም።

«እማማ፣ በጦርነቱ ጊዜ አባቴን እኔና እናቴ ነን ጓሮ የቀበርነው። ጥሩንባ የለ፣ ቅሬ የለ። የሚወጣ ሰውም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ቅሬ አይወጣልህም ቢሉኝ ምን ብዬ እፈራለሁ?»

እኔም እናቴን ተሸክሜያለሁ ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን ምን ያደርግለታል? በአባቴ ሕግ ሰው የሚፈራው ያለ ቀባሪ መቅረትን ነበር። ይህ ልጅ የሚፈራውን ነገር አስቀድሞ አይቶ ጨርሶታል።

ጆንያውን አስወረድኩት። የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ተርባ መጥታ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። የወይራ ከሰል ቶሎ አይያያዝም፤ ተንበርክኬ በማራገቢያ ሳራግብ ቆየሁ። ሽሮው ሲንተከተክ ጀርባዬን ለምድጃው ሰጥቼ ቆምኩ። ምሳችንን በልተን ስንጨርስም ከሰሉ ገና አልጠፋም ነበር።