የገዱ እግር እና የፈረንጅ ከረጢት

የደባርቅ ሕዝብ ሆይ፣ ባጃጅህን አቁም፣ ነጠላህን አስተካክል! ሃያ ሁለት ዓመት ከደባርቅ እስከ ሰሜን ተራሮቹ ጨነቅ የተመላለሰው የበቅሎ ነጂው የገዱ ግራ እግር፣ የፊታችን ሰኞ ጎንደር ላይ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ሊቆረጥ ተቀጥሯል። መድፍ አይተኮስም። ባንዲራም ዝቅ አይልም።

ጥፋቱ የራሱ ነው፤ የድኃ ጥፋት መቼ ባለቤት አጥቶ ያውቃል? ስኳር እንዳለበት ሳያውቅ እግሩ ደነዘዘ፤ እሱ ግን «ጠነከረልኝ» እያለ ይፎክር ነበር። አንድ ቀን ሚስማር የኮንጎ ጫማውን በስቶ ገብቶ፣ ከጨነቅ እስከ ቤቱ አብሮት ተጓዘ። ጫማውን ሲያወልቅ ሚስቱ ሸጊቱ ጮኸች። እሱ ሳቀ።

ቁስሉ አምስት ወር ሙሉ አልደርቅ አለ፤ ጠቆረ፤ ሸተተ። የምታጥብለት ነርስ፣ ሲስተር ጽጌሬዳ፣ አንድ ቀን አፏን አመለጣት።

«በሌላ አገር ሰውን እንደ በርሜል ባለ ክፍል ዘግተው፣ በግፊት ንጹሕ ኦክስጅን ያስተነፍሱታል። እንዲህ ያለው ቁስል አንዳንዴ ይድንበታል።»

ገዱ ብድግ አለ። ያንን ነገር በገዛ በቅሎው ስንት ጊዜ ጭኖታል! ተራራ ላይ ትንፋሽ ያጠረውን ፈረንጅ የሚከቱበት፣ ዚፕ ያለው፣ በእግር እየተረገጠ የሚነፋ ረጅም ከረጢት። ከንፈሩ የጠቆረ ፈረንጅ ገብቶበት፣ በሰዓታት ውስጥ ወጥቶ ማካሮኒ ሲበላ በዓይኑ አይቷል።

ቅዳሜ ዕለት አስጎብኚው አለምነህ ከረጢቱን አዋሰው። ገዱ ግቢው መሃል ገባበት፣ ዚፑ ተዘጋ፣ ሸጊቱ መርገጥ ጀመረች። ሲስተር ጽጌሬዳ የጎንደሩን ሆስፒታል የቀጠሮ ወረቀት ይዛ የደረሰችው ይኼኔ ነው። በትንሿ የላስቲክ መስኮት አጎንብሳ ጮኸች።

«ጋሼ ገዱ፣ ይውጡ እባክዎ! ይሄ ተራ አየር ነው፤ ግፊቱም ትንሽ። ሰውን ከተራራ ወደ ቆላ ያወረዱት ያህል ነው እንጂ ቁስል አያድንም።»

«የት ድረስ ያወርዳል?» አለ ከውስጥ።

«ከደባርቅ ቢነሡ፣ ቢበዛ ቆላው ዛሪማ።»

«ዛሪማማ በሚኒባስም ይኬዳል!» አለች ሸጊቱ፣ እየረገጠች፣ እያለቀሰች።

«አንቺ ዝም ብለሽ ርገጪ! ዛሪማ ስንት ቁስል ሲደርቅ አይቻለሁ። ሲስተር፣ ደንበኛው የኦክስጅን ክፍልስ የት ነው?»

«እኔም በወሬ ነው የማውቀው። እሱም ቢሆን በየቀኑ እየገቡ፣ ሠላሳ አርባ ቀን ነው። ሰኞ ካልሄዱ ቁስሉ ጉልበትዎን ይወስዳል። ከዚያ ነፍስዎን።»

መስኮቷ በትንፋሹ ጉም ለበሰች።

«እግር የሌለው በቅሎ ነጂ አይተሻል?» አለ በመጨረሻ። «አልወጣም።»

ሸጊቱ ካቆመች ውስጥ ያለው አየር ይታፈናል፤ ጉልበቷ ደግሞ እየከዳት ነው። እንግዲህ አንባቢ፣ ለፈረንጅ ትንፋሽ ከረጢት ተራራ ሲወጣ «እንዴት ያለ ሥልጣኔ!» ብለህ ያጨበጨብክ፣ መጀመሪያ ጫማህን አውልቅና ጣቶችህን ቆንጥጥ። ከተሰማህ፣ ና ተራዋን ተቀበላት። ካልሆነም ዚፑን አንተ ክፈትና፣ ከሰኞ በኋላ ምን ሠርቶ እንደሚያድር ንገረው፤ ብቻ ስትነግረው ዓይን ዓይኑን እያየህ…